«ጨጓራ ነው» የምንለው ህመም



ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። የ«ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ» ሚድ ፈተና ላይ ተቀምጫለሁ። ቁርጠቱ ሌሊቱን ጀምሮኝ ነበር፤ «ጠዋት ይሻለኛል» ብዬ ቁርስ እንኳን ሳልቀምስ ነው የመጣሁት። ፈተናው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ቀዘቀዘ፣ ወገቤ ለሁለት የተከፈለ መሰለኝ። ሁለት ጥያቄ ሠርቼ ሦስተኛውን ሳልነካ ወረቀቴን አስረክቤ ወጣሁ። ዶርም እስክደርስ ሁለት ቦታ ቁጭ ብዬ አርፌያለሁ። በማግስቱ ድጋሚ ልፈተን ብዬ ለማመልከት ስሄድ ቅጹን የሚሞላው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ጨጓራ» አልኩት። እሱም «ጨጓራ» ብሎ ጻፈ።

ዶርም ገብቼ ይህን ሳወራ አንዷ ሳቀች። እሷም ባለፈው ሴሚስተር ከላብ የቀረችው በ«ጨጓራ» ነበር። ሌላዋም እንዲሁ። ለካ ክፍላችን የጨጓራ ታማሚ ሞልቶበታል! ጨጓራችን ግን ለየት ያለ ነው፤ በወር አንዴ ብቻ ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል።

ይህ ጽሁፍ ስለዚያ ህመም፣ ስለ ወር አበባ ህመም ነው። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በሀይድ ቀናት ከሶላት እናርፋለን፤ ከእንቅስቃሴ እንድናርፍ ግን ያዘዘን የለም። ሰውነታችን እንቅስቃሴና እፎይታ የሚሻው እንዲያውም ያኔ ነው። ይህም እያንዳንዷ እህት ብርድ ልብስ ተከናንባ ለብቻዋ የምትወጣው ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም። ጀመዓችን ሊያግዝበት የሚችል ጉዳይ ነው።

ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ ዝምታ

ደሴ ሳድግ እንደ ብዙዎቻችሁ ሁለት ትምህርት ቤት ነበረኝ። ጠዋት የመንግስት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ። መድረሳ የጦሃራን ምዕራፍ ስንቀራ ስለ ሀይድ ተምረናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ትንሹ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ትልቁ 15 ቀን ነው፤ በሐነፊይ ደግሞ ትንሹ 3 ቀን፣ ትልቁ 10 ቀን ነው። ከዚያ ያለፈው ኢስቲሓዷ ይባላል። መቼ ሶላት እንደምንተው፣ መቼ እንደምንታጠብ፣ የትኛውን ቀዷ እንደምናወጣ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጥርት አድርገን አውቀናል። የባዮሎጂ መምህራችን በበኩላቸው የማህፀንን ስዕል ሰሌዳ ላይ ሳሉልን። ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን፣ 28 ቀን። ወንዶቹ እየሳቁ፣ እኛ አንገታችንን ደፍተን፣ ለፈተና ሸመደድነው።

መድረሳው ቀኑን ቆጠረልን፣ ትምህርት ቤቱ ሆርሞኑን በስም ነገረን። ህመሙን ግን ሁለቱም ዘለሉት። ቤት ስገባ እናቴ ዝንጅብል አፍልታ ታጠጣኝና «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኛለች። እውነት አላት፤ ለብዙ ሴቶች ዕድሜ ሲጨምርና ሲወልዱ ህመሙ ይቀልላል። ግን ነገ ጠዋት ፈተና ላለባት የ19 ዓመት ልጅ «ስትወልጂ» ምን ይረዳታል?

ህመሙ ከየት ይመጣል?

ማህፀን ጡንቻ ነው። የወር አበባ ሲቃረብ ፕሮጄስትሮን ይቀንሳል፤ ያኔ የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። እነዚህ ጡንቻው እንዲኮማተርና ሽፋኑን እንዲያስወጣ ያደርጉታል። ብዛታቸው ከፍ ሲል ጡንቻው ከልክ በላይ ይጨብጣል፤ ሲጨብጥም በውስጡ የሚያልፉትን የደም ስሮች ይጫናቸዋል። ማጠጫ ጎማ ላይ በእግራችን ስንቆም ውሃው እንደሚቋረጠው ማለት ነው። ደምና ኦክስጅን ያጣ ጡንቻ ያማል። ፕሮስታግላንዲኑ አንጀትንም ስለሚነካ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይከተላል። ህመሙ ወደ ወገብና ወደ ጭን የሚወርደውም ከዚሁ ጋር ነው።

ሐኪሞች ይህን ፕራይመሪ ዲስሜኖሪያ ይሉታል። ሌላ በሽታ ሳይኖር የሚመጣ፣ በወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ህመም ነው። ደም ከመምጣቱ ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም አብሮት ይጀምርና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ስለዚህ «ሞልቃቃ ስለሆነች ነው»፣ «ፈተና ፈርታ ነው» የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። የሚለካ ግፊት፣ የሚቆም የደም ዝውውር አለው።

በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመራል። ህመሙ ሲመጣ ጥርሳችንን እንነክሳለን፣ ትከሻችንን እንሰበስባለን፣ ትንፋሻችን ያጥራል። የተወጠረ ሰውነት ህመምን አጉልቶ ይሰማል፤ የጎላው ህመም ደግሞ መልሶ ይወጥረናል። ኮንትሮል የተማራችሁ ይህን ፖዘቲቭ ፊድባክ ትሉታላችሁ፤ ራሱን በራሱ እያሳደገ የሚሄድ ዙር ነው። ዙሩን ከሁለት ቦታ መቁረጥ ይቻላል። አንደኛው በእንቅስቃሴ የደም ዝውውሩን ማነቃቃት፣ ሁለተኛው ሰውነትን በማፍታታት ውጥረቱን ማላቀቅ ነው።

የጎደሉት 34 ሱጁዶች

አንድ ቀን አልጋዬ ላይ ተጣጥፌ ተኝቼ ሳለ አንድ ሂሳብ ሠራሁ። የቀኑ ፈርድ ሶላት 17 ረከዓ ነው። 17 ሩኩዕ፣ 34 ሱጁድ። ሱንናውን ሳልቆጥር። በዚህ ላይ አምስት ጊዜ ለውዱእ መነሳት አለ፤ ለምንችል ደግሞ ከግቢ መስጂድ ድረስ በእግር ሄዶ መመለስ አለ። ሀይድ ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቆማል። በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ወገብ ድንገት ከሌክቸር ወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ብቻ ይሆናል። እንቅስቃሴ ሊረዳን በሚችልበት ሰሞን እንቅስቃሴያችን ከወሩ ሁሉ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ። ሶላት ስፖርት አይደለም፤ ዒባዳ ነው። በሀይድ ቀናት መተዉም ራሱ ለአላህ መታዘዝ ነው። እኔ የምለው የሶላቱ ሰዓት ባዶ አይቅር ነው። አዛን ሲል ሌሎቹ ለውዱእ ሲነሱ እኛም እንነሳ። የቻለች አሥር ደቂቃ ትራመድ፣ ወገቧን ታፍታታ፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ዚክርና ዱዓ ታድርግ። ዚክርና ዱዓ በሀይድ ጊዜ እንደማይከለከሉ ዑለሞች የተስማሙበት ነው። «ሶላት የለኝም» ማለት «ዛሬ እኔ የለሁም» ማለት መሆን የለበትም።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ከህመሙ ቀናት ውጭ ያለውን ልናገር፤ ዋናው ሥራ እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2019 የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ በሚገመግመው ኮክሬን የታተመ ግምገማ በዚህ ርዕስ የተደረጉ 12 ጥናቶችን አይቷል፤ በጥናቶቹ 854 ሴቶች ተሳትፈዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፣ በየጊዜው ከ45 እስከ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያደረጉት ሴቶች ምንም ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸሩ ህመማቸው ከ100 በሚቆጠር መለኪያ በ25 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሏል። ቀላል ማፍታቻም ይሁን ላብ የሚያወጣ ስፖርት፣ ልዩነቱ ጎልቶ አልታየም። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የጥናቶቹ ጥራት ዝቅ ያለ መሆኑን ጽፈዋልና እንደ ቁርጥ ውጤት አንውሰደው። ግን ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ለጤናም ለሌላ ብዙ ነገር የሚጠቅም ሙከራ ነው። ምን እናጣለን?

ሦስት ቀን፣ 45 ደቂቃ። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ከግቢ በር እስከ መስጂድ፣ ከመስጂድ ዞር ብሎ በሌላኛው መንገድ መመለስ። ትንፋሽ ከፍ እስኪል፣ ግን ከጓደኛ ጋር ማውራት እስከማያቅት ድረስ። ለውጡን በአንድ ወር አትፍረዱት፤ ሁለት ሦስት ወር ስጡት።

አሁን ደግሞ ህመሙ በመጣ ቀን። እህቴ፣ ካልከበደሽ ተነሺና በክፍልሽ ውስጥም ቢሆን ተራመጂ። ከዚያ እነዚህን ቀስ ብለሽ ሞክሪ፤ አንዱም ህመም ሊጨምርብሽ አይገባም፣ ከጨመረብሽ ተይው።

አንደኛ፦ በጀርባሽ ተኝተሽ ሁለቱን ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ሳቢ። በእጅሽ አቅፈሽ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቆዪ፤ ልቀቂ፤ ደጋግሚው።

ሁለተኛ፦ በእጅሽና በጉልበትሽ ተደገፊ። ትንፋሽ ስታስወጪ ጀርባሽን እንደ ድመት ወደ ላይ አጉብጪ፣ ስታስገቢ ወደ ታች ለቀቅ አድርጊው። አሥር ጊዜ።

ሦስተኛ፦ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ሁለቱንም ጉልበት አንድ ላይ ወደ ቀኝ ጣያቸው፣ ጥቂት ቆይተሽ ወደ ግራ። ትከሻሽ ከፍራሹ አይነሳ።

አራተኛ፦ ተንበርክከሽ ተረከዝሽ ላይ ተቀመጪ፣ ጉልበቶችሽን ከፈት አድርጊ፣ ከፊትሽ ትራስ አድርገሽ ደረትሽንና ጉንጭሽን ትራሱ ላይ አሳርፊ። አንዲት የክፍሌ ልጅ ይህን ሳሳያት «ሱጁድ አይመስልም ወይ? ሀይድ ላይ ሆኜ እፈራለሁ» አለችኝ። ፍርሃቷ ከተቅዋ ነው፣ አከበርኩላት። ግን ሥራ በኒያ ነው፤ ትራስ አቅፎ ወገብ ማሳረፍ ሶላት አይደለም። ልቧ ካልተረጋጋ ደግሞ በጎኗ ተኝታ ጉልበቷን ወደ ሆዷ መሰብሰብ ትችላለች፤ ያም ያሳርፋል።

ከእንቅስቃሴው ቀጥሎ እፎይታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ ጡንቻን አንድ በአንድ አጥብቆ መልቀቅ ነው። ከእግር ጣት ትጀምሪያለሽ። አምስት ሰከንድ ያህል አጥብቂ፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቂና ሃያ ሰከንድ ያህል የመላቀቁን ስሜት አዳምጪ። ባት፣ ጭን፣ እጅ፣ ትከሻ፣ መንጋጋ፣ ግንባር። ሆድሽን አታጥብቂ፤ እሱ የራሱ ይበቃዋል። ጥርስሽን ነክሰሽ እንደነበር የምታውቂው መንጋጋሽን ስትለቂ ነው።

ለትንፋሽ ደግሞ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንዳንድ እህቶች ይህን ከዚክር ጋር ሊያያይዙት ያስባሉ። እኔ የምለው ለየብቻ ይሁኑ ነው። ትንፋሹ ህክምና ነው፣ ዚክሩ ዒባዳ ነው፤ በራሳችን ቁጥርና ስልት አዲስ የዚክር ሥርዓት አንፍጠር። ትንፋሹን ጨርሰሽ፣ በተረጋጋ ልብ ዚክርሽን እንደምታውቂው አድርጊ።

ሙቀትና መድኃኒት

ሙቀት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ሆድ ላይ የሚለጠፍ፣ ወደ 39 ዲግሪ የሚሞቅ ፕላስተር ህመሙን እንደ ኢቡፕሮፌን ማስታገሱን አሳይቷል። ፕላስተሩ ባይኖረን ሃይላንድ አለን። ውሃው ግን የፈላ መሆን የለበትም፤ የፈላ ውሃ ጠርሙሱን አጨማዶ ክዳኑ እንዲያፈስ ሊያደርገው ይችላል፣ ያቃጥላልም። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በሻርፕ ጠቅልላችሁ ሆዳችሁ ወይም ወገባችሁ ላይ አድርጉት።

እንቅስቃሴው መድኃኒትን አይከለክልም። ኢቡፕሮፌን የሚሠራው የፕሮስታግላንዲንን መመረት በመቀነስ ስለሆነ ህመሙ ገና ሲጀምር ቢወሰድ ይሻላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለባት እህት ግን ሳታማክር አትውሰደው። ለሁላችንም ደግሞ ምግብ በልቶ መውሰድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ረመዳንን ላንሳ። ሀይድ ላይ ያለች ሴት አትጾምም፤ አላህ አግርቶላታል፣ ቀዷዋን ታወጣለች። እኛ ግን ሰው እንዳያየን ብለን ቀኑን ሙሉ አንዳች ሳንቀምስ እንውላለን፤ ሲብስብን ተደብቀን በባዶ ሆድ ክኒን እንውጣለን። እህቶቼ፣ እንዲህ ከቀጠልን የውሸቱ ጨጓራ እውነተኛ ጨጓራ ይሆናል።

ዝም የማይባልበት ህመም

ሁሉም ህመም በእርምጃና በሙቅ ውሃ አይድንም። ለዓመታት ሳያማት ቆይታ ድንገት የጀመራት፣ ከወር ወደ ወር እየባሰባት የሄደ፣ ከወር አበባ ቀናት ውጭ የሚያማት፣ በየሰዓቱ ሞዴስ የምትቀይር ወይም ደሙ ከሰባት ቀን የሚያልፍባት፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት፣ ራሷን የምትስት፣ በማስታገሻም ያልተሻላት እህት ክሊኒክ ትሂድ። እንደ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያሉ በሽታዎች አሉ። የማህፀን ውስጠኛውን ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷን ገደማ ይይዛል። ብዙዎች «የሴት ልጅ ዕጣ ነው» እየተባሉ ዓመታት ያባክናሉ። ሴት ሐኪም እንድታያት መጠየቅም ነውር የለውም። እዚያ ስትደርስ ግን «ጨጓራ» እንዳትል! የተሳሳተ ስም የተሳሳተ መድኃኒት ያመጣል።

ሐያእና ሶብር

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ይህን ልጽፍ ነው ስል አንዲት የምወዳት እህት «ወንዶች ያነቡታል እኮ፣ ሐያእ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ሶብር ማድረግ አይሻልም?» አለች።

ሐያእ ከኢማን ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሶሓቦች ስለ ሀይድ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ መልሱም ከሰማይ ወረደ። በሱረቱል በቀራ 222ኛው አያ አላህ ሀይድን «አዛ» ብሎ ጠራው፤ ጉዳት፣ የሚያስቸግር ነገር ማለት ነው። አላህ በቁርኣኑ አስቸጋሪ መሆኑን የነገረንን ነገር እኛ «ምንም አይደለም» ለምን እንላለን? በቡኻሪም በሙስሊምም ሶሒሕ ውስጥ «ኪታቡል ሀይድ» የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ ያስተማሩትም ለዘመናት ወንድ ዑለሞች ናቸው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው ነው።

እሳቸው ራሳቸው በሐጅ መንገድ ሰሪፍ ላይ ሀይድ ሲመጣባቸው አለቀሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገቡ ሲያለቅሱ አገኟቸውና ጠየቋቸው። ከዚያም ይህ አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የጻፈው ነገር መሆኑን ነግረው አጽናኗቸው፤ ከጠዋፍ በቀር ሐጃጆች የሚሠሩትን ሁሉ እንዲሠሩም አዘዟቸው። ይህን ሐዲስ ልጅ ሳለሁ ለፊቅሁ ብቻ ነበር የማውቀው። ዛሬ ሳስበው ሌላም ነገር አያለሁ። «ተኝተሽ ጠብቂ» አልተባሉም፤ ከሰው ጋር እንዲጓዙ፣ ዐረፋ እንዲቆሙ ነው የታዘዙት። አንድ ነገር ብቻ ተከለከለ፣ ሌላው ሁሉ ክፍት ሆኖ ቀረ። «ሴት ልጅና ስፖርት ምን አገናኛቸው» ለሚልም፣ እኚሁ እናታችን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሩጫ እንደተወዳደሩና መጀመሪያ እንዳሸነፉ አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ሶብርም ቢሆን መድኃኒትን መተው አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ያቅሟን አድርጋ የቀረውን ህመም የታገሰች ሶብር አደረገች። ማድረግ የምትችለውን ሳታውቅ የተሰቃየችውን ግን ያሳወቅናት እኛ አይደለንም፤ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል።

ለጀመዓችን የማቀርበው

ሜዳው ክፍት ነው፣ ወንዶች ይጫወቱበታል። ዶርሙ ጠባብ ነው፣ በተደራራቢ አልጋ መሃል እጅ መዘርጋት አይቻልም። ሒጃቧን ጠብቃ ወገቧን የምታፍታታበት ቦታ ለእህት የላትም። ስለዚህ ለአሚራችንና ለሹራው ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ከመስጂዱ ጎን ካሉት የመድረሳ ክፍሎች አንዱ መጋረጃ ተደርጎለት በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ለእህቶች ይለቀቅልን። መስገጃው አይሁን፤ ሀይድ ላይ ያለች ሴት መስጂድ ውስጥ መቆየቷን አብዛኞቹ ዑለሞች ስለማይፈቅዱ ቦታው የሚያስፈልጋት እህት ራሷ እንዳትቀር። ከስፖርት ሳይንስና ከጤና ትምህርት ክፍል እህቶች አሉን፣ ይምሩን።

ሁለተኛ፣ የጀመዓው መዋጮ ከሚገዛቸው ነገሮች መካከል ጥቂት የሙቅ ውሃ ከረጢቶች ይግቡበት። አንዷ ተጠቅማ ለሌላዋ ታስተላልፋለች፤ ሶደቀቱን ጃሪያ ነው ኢንሻአላህ።

ሦስተኛ፣ ለፍሬሽማን እህቶች በምናደርገው አቀባበል ላይ የሀይድ ፊቅህ ሲሰጥ ስለ ህመሙም ግማሽ ሰዓት ይጨመር።

ወንድሞች፣ ከእናንተ ዝርዝር አንጠብቅም። በግሩፕ ፕሮጀክት ላይ አንዲት እህት «ዛሬ አልቻልኩም» ስትል «ለምን?» ብላችሁ አታስጨንቋት፤ ሥራውን ወደ ነገ ብታዘዋውሩላት ይበቃል። ነገ የምታገቡ፣ ሴት ልጅ የምትወልዱ ናችሁ። «ስትወልጂ ይተውሻል» ከሚለው የተሻለ ቃል ለልጃችሁ ይኑራችሁ።

እኔ ያ ፈተና ካለፈ ወዲህ ከሁለት የዶርም ጓደኞቼ ጋር ከዐስር በኋላ እንራመዳለን። ህመሜ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አልጠፋም። የመጀመሪያው ቀን ዛሬም ይከብደኛል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ወረቀቴን ሳልጨርስ አስረክቤ አላውቅም። ባለፈው ወር ከላብ አርፍጄ ስገባ የግሩፔ ልጅ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ድምፄን ቀንሼ፣ ግን በትክክለኛ ስሙ ነገርኳት። እሷም ከቦርሳዋ በሻርፕ የተጠቀለለ ሃይላንድ አውጥታ ሰጠችኝ።

አላህ ለታመሙት እህቶቻችን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ በዲናችንም በጤናችንም የሚጠቅም እውቀት ይጨምርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።